ከመዋጣችን በፊት እናንብብ

(በሬዲዮ የቀረበ የመሠረተ ትምህርት ንግግር ሙሉ ቃል)

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ጤና ነው። ስለ ጤና የምናገረው ግን ሐኪም ሆኜ አይደለም። እኔ መምህር ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ከወጣሁ ወዲህ ቀን ቀን ሕፃናትን፣ ማታ ማታ ደግሞ ጎልማሶችን አስተምራለሁ። የማታ ተማሪዎቼ በመገናኛና በአካባቢው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ መካከል ጉልት የሚቸረችሩ እናቶች፣ የታክሲ ተራ አስከባሪዎች፣ የጥበቃ ሠራተኞች፣ የግንባታ ሠራተኞች፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያድሩ እኅቶች ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች ፊደል ለይተው ቃል ማንበብ ሲጀምሩ፣ መጀመሪያ ወደ ክፍል ይዘውት የሚመጡት ጽሑፍ ምን ይመስላችኋል? ደብዳቤ አይደለም፣ ጋዜጣም አይደለም። የመድኃኒት ከረጢት ነው። «መምህር፣ እስቲ ይኼ ምን ይላል?» እያሉ ከቦርሳቸው፣ ከመቀነታቸው ያወጡታል።

ይኼ የሚያስገርም ነገር አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ፊደል ለቆጠረው ሰው ቀጥለው ከቀረቡለት ንባቦች መካከል የጤና ትምህርት ይገኝበት ነበር። ማንበብ ለሰው የሚጠቅመው በዕለት ኑሮው ውስጥ ሲገባ ነውና። ስለሆነም የተማሪዎቼን ጥያቄዎች አንድ በአንድ በደብተር አሰፈርኋቸው። በቤተሰብ ሕክምና ለሠለጠኑ አንዲት ሐኪም አቀረብኋቸው። እሳቸውም ጊዜያቸውን ሰጥተው መለሱልን። ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት ያንን ነው። ስለ ንባቡ ጉዳይ እኔ በመምህርነቴ እጨምርበታለሁ።

በመጀመሪያ ግን «የቤተሰብ ሐኪም» ማለት ምን ማለት ነው? የልብ ሐኪም ልብን፣ የዓይን ሐኪም ዓይንን ያክማል። የቤተሰብ ሐኪም ግን አያትንም፣ እናትንም፣ ሕፃንንም ያያል። አንድን ቤተሰብ ለዓመታት ይከታተላል፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደሚመለከተው ባለሙያ ይልካል። በአገራችን ይኽ ሙያ በልዩ ሥልጠና ደረጃ የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞችም በ2008 ዓ.ም. ተመርቀዋል። ሐሳቡ ግን ከዚያ የቆየ ነው። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን አንድ ላይ እያሠለጠነ ወደ ገጠር ያሰማራ ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ማስተማር ጀመሩ። ስለዚህ በሠፈራችሁ የቤተሰብ ሐኪም ባይኖርም፣ በጤና ጣቢያው ያለው ጤና መኮንን ወይም ነርስ እነዚህን ጥያቄዎች ሊመልስላችሁ ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ እንለፍ።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ ይቸኩላል፣ ውጭ ሰልፍ አለ። እኔ ደግሞ አፍራለሁ። ምን ብዬ ልጠይቅ?

መልስ፦ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ያልጠየቀውም እንዲሁ ነው። ሐኪሟ እንደሚሉት 4 ጥያቄዎች ይበቃሉ። አንደኛ፣ ሕመሜ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ይህ መድኃኒት የሚሠራው ለምንድን ነው? ሦስተኛ፣ እንዴትና እስከ መቼ ነው የምወስደው? አራተኛ፣ ምን ምልክት ባይ ነው ቀጠሮዬን ሳልጠብቅ የምመለሰው? እነዚህን 4 ጥያቄዎች በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። መጻፍ ካልቻላችሁ ልጃችሁ ይጻፍላችሁ። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ «ዶክተር፣ በትክክል ተረድቼ እንደሆነ ልድገምልዎት» ብላችሁ በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ንገሩ። ሐኪም በዚህ አይቆጣም። እንዲያውም ያልተግባባችሁበት ነገር ካለ እዚያው ይታረማል።

ጥያቄ፦ ደም ብዛት አለብህ ተባልሁ። ራሴን ሲያመኝ ኪኒኑን እውጣለሁ፣ ሲሻለኝ እተወዋለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ልክ አይደለም። እዚህ ላይ ስሙ ራሱ ብዙ ሰው አሳስቷል። «ደም ብዛት» ሲባል ደም በዝቶ የሚፈስስ ይመስለናል። በዚህም ምክንያት በዋግምት ደም የሚያስወጣ ሰው አለ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የውኃ ጎማ አስቡ። ቧንቧው በኃይል ሲከፈት ጎማው ይወጠራል። ውኃው በዛ ማለት ሳይሆን፣ የጎማውን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል በዛ ማለት ነው። የደም ግፊትም እንደዚሁ ነው። የተወጠረ ጎማ ውሎ አድሮ በደካማው በኩል እንደሚፈነዳ ሁሉ፣ ግፊቱ ያልተያዘለት ሰውም አንጎሉ፣ ልቡ፣ ኩላሊቱ፣ ዓይኑ ይጎዳል።

የግፊት ክፋቱ ብዙውን ጊዜ አለማመሙ ነው። ራስ ምታት የግፊት መለኪያ አይደለም፤ መለኪያው መሣሪያው ነው። በመሣሪያው ላይ ሁለት ቁጥሮች ይነበባሉ። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ ላይኛው 140ና ከዚያ በላይ፣ ወይም ታችኛው 90ና ከዚያ በላይ ከሆነ የደም ግፊት አለ ይባላል። ከመለካታችሁ በፊት 5 ደቂቃ ዕረፍ በሉ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቡና አትጠጡ። አቦልና ቶና ጠጥቶ፣ ዳገት ሮጦ የተለካ ሰው ቁጥሩ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ቁጥሮቹን ከነቀናቸው በደብተራችሁ ጻፉ። ሐኪሙ የዛሬውን ብቻ ሳይሆን ያለፈውንም ያነባል።

ኪኒኑ በየቀኑ የሚወሰደው ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ለማቆየት ነው። «ቁጥሩ ተስተካክሏልና ልተወው» የሚል ሰው ዝናብ ስላልነካው ጃንጥላውን በዝናብ መካከል የሚያጥፍ ሰው ማለት ነው። ኪኒኑ ካልተስማማችሁ፣ ካሳላችሁ ወይም እግራችሁን ካሳበጠው ተመልሳችሁ ተናገሩ፤ የሚለወጥ ሌላ መድኃኒት አለ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። ጨውንም ቀንሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ዐዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃዋል ይላል። ይኸውም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። በበርበሬው፣ በሽሮው ውስጥ አስቀድሞ የገባው ጨው ጭምር እንደሚቆጠር አትርሱ።

አሁን ሐኪሟን ትንሽ እናቆያቸውና ስለ ንባቡ እኔ ልናገር። ተማሪዎቼ ባመጧቸው ከረጢቶች ላይ ሰውን የሚያሳስቱ 3 ነገሮች አግኝቻለሁ።

የመጀመሪያው የቁጥር አጻጻፍ ነው። በከረጢት ላይ «1×3» ተብሎ ሲጻፍ በአንድ ጊዜ 1፣ በቀን 3 ጊዜ ማለት ነው። ሦስቱን ባንድ ጊዜ ዋጥ ማለት አይደለም። «1/2» ሲባል ደግሞ ግማሽ ማለት ነው። «1 ወይም 2» ብሎ ያነበበ ሰው ከታዘዘለት 2 ወይም 4 እጥፍ ይወስዳል። ይኼ በክፍላችን ገጥሞናል። የጥበቃ ሠራተኛ የሆኑ አንድ አባት ቁጥሮቹን በደንብ ለይተዋቸው ነበር፤ በመካከሉ ያለችውን ሰረዝ ግን ማንም አላስተማራቸውም። ኪኒኑን ገና ሳይጀምሩት ይዘውት መጡና ተረፉ። በዚያ ቀን የሒሳብ ትምህርታችን ሰሌዳ ላይ ዳቦ እየቆረጥን ስለ ግማሽና ስለ ሩብ ሆነ።

ሁለተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። «በየ8 ሰዓቱ» እና «በ8 ሰዓት» አንድ አይደሉም። በየ8 ሰዓቱ ማለት ሌሊትና ቀኑን በ3 ከፍሎ መውሰድ ነው። ለምሳሌ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የጀመረ ሰው፣ ቀጥሎ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከዚያም ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይወስዳል። በየ12 ሰዓቱ ከተባለ ደግሞ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ማድረግ ይቻላል።

ሦስተኛው የመድኃኒቱ የሚያበቃበት ቀን ነው። እባካችሁ ይህችን ደጋግማችሁ አንብቧት። በመድኃኒት ፓኮ ላይ የሚታተመው ዓመት ብዙውን ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ2018 ዓ.ም. የሚኖር ሰው በፓኮው ላይ «08/2025» የሚል ቢያነብ፣ በእኛ አቆጣጠር አስቦት «ገና 7 ዓመት አለው» ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ይህ ማለት የፈረንጆቹ 8ኛ ወር፣ ኦገስት 2025 ሲያልቅ መድኃኒቱም ያበቃል ማለት ነው። ያም በእኛ ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱ ጊዜው አልፎበታል!

መፍትሔው ቀላል ስለሆነ አትደናገጡ። የፈረንጆቹን ዓመት ወደ እኛ ለመመለስ፣ ወሩ ከጃንዩወሪ እስከ ኦገስት፣ ማለትም ከ01 እስከ 08 ከሆነ 8 ቀንሱ። ወሩ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር፣ ማለትም ከ10 እስከ 12 ከሆነ 7 ቀንሱ። ሴፕቴምበር፣ 09 ማለት ነው፣ አዲስ ዓመታችን የሚገባበት ወር ስለሆነ በመካከሉ ይቀየራል፤ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ 8፣ ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ 7 ይቀነሳል። የሚያበቃበት ቀን ኢ፣ ኤክስና ፒ በሚባሉ 3 የላቲን ፊደላት አጠገብ ይጻፋል። በኤም ከሚጀምሩት ፊደላት አጠገብ ያለው ደግሞ የተሠራበት ቀን ነውና አትቀላቅሏቸው። ካልተለየላችሁ ፋርማሲ ውስጥ «የሚያበቃው በእኛ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁና በእጃችሁ በአማርኛ ጻፉበት። የቀጠሮ ካርድም ላይ እንዲሁ አድርጉ።

ወደ ሐኪሟ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ጉንፋን ሲይዘኝ ከጎረቤቴ የተረፈ ካፕሱል እወስዳለሁ። እሷን አድኗታል፤ እኔን ለምን አያድነኝም?

መልስ፦ ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው። አሞክሳሲሊንን የመሳሰሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ቫይረስን አይነኩም። ጉንፋን በዕረፍትና በትኩስ ፈሳሽ በራሱ ይለቃል። ጎረቤታችሁ የዳነችው ሕመሟ ሌላ ስለነበር ነው፤ ወይም ሳትወስደውም ይለቃት ነበር። ያለ ቦታው የተወሰደ፣ ወይም የታዘዘለት ቀን ሳይሞላ የተቋረጠ ካፕሱል ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ገድሎ ብርቱዎቹን ያስቀራል። ብርቱዎቹ ይራባሉ። ነገ ለእውነተኛ የሳንባ ምች ያንኑ ካፕሱል ስንሰጥ አልሠራ ይላል። ይህ አዲስ ማስጠንቀቂያ አይደለም። ፔኒሲሊንን በ1928 እ.ኤ.አ. ያገኙት አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር፣ መድኃኒቱን አሳንሶ መውሰድ ተሕዋስያኑን እንደሚያለማምድ ተናግረው ነበር። ስለዚህ ካፕሱል ከጎረቤት አይዋስም፣ አይተርፍምም። የታዘዘው እስኪያልቅ ይወሰዳል።

አንድ ነገር ግን እንጨምር። ሕፃን ልጅ ሲያስለው ሁልጊዜ ጉንፋን ነው ብሎ መተው አይቻልም። መቁጠር የምትችል እናት እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ልጁ ሳያለቅስ፣ ረጋ ብሎ ሳለ ሆዱ ወይም ደረቱ ከፍ ከፍ ሲል በ1 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ ይቆጠር። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር ላለ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጥኗል። የሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ግን ለደቂቃም አይቆይ።

ጥያቄ፦ ልጄ ተቅማጥ ይዞታል። ውኃ ብሰጠው ይብሰዋል ብለው ከለከሉኝ።

መልስ፦ አይብሰውም። ሕፃኑን የሚገድለው የሰውነቱ ውኃና ጨው ማለቁ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ከዛሬዋ ባንግላዴሽ የተሰደዱ ሰዎች በሕንድ መጠለያዎች ኮሌራ ሲፈጃቸው፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉ ሐኪም ስኳርና ጨው በውኃ አስበጥብጠው በአፍ እንዲሰጥ አደረጉ። አስቀድሞ ከ100 ሕሙማን 30 ያህሉ ይሞቱ የነበረው ወደ 4 ያህል ወረደ። ያ ብጥብጥ ነው ዛሬ በፓኮ ታሽጎ «ሕይወት አድን» እያልን የምንጠራው።

አበጣጠሉ ግን በልክ መሆን አለበት። የተለመደው ፓኮ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው። አንዳንዱ ግን ለሌላ ልክ የተሠራ ስለሆነ በላዩ የተጻፈውን አንብቡ። ብዙዎቻችን የምንለካው በሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ሃይላንዱ ግን ባለ ግማሽ ሊትርም፣ ባለ 1 ሊትርም፣ ባለ 2 ሊትርም አለና ከጎኑ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። በግማሽ ሊትር ውኃ የተበጠበጠ የ1 ሊትር ፓኮ ጨው ይበዛበትና ሕፃኑን ይጎዳዋል። ፓኮው ከጠፋ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። «ልሙጥ» ማለት ማንኪያው ላይ ክምር የሌለው ነው። ልጁ ባስቀመጠው ቁጥር፣ ከ2 ዓመት በታች ከሆነ አንድ የቡና ስኒ ገደማ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ የዚያን እጥፍ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ጀምሩ። ጡት የሚጠባ ከሆነ አይከልከል። 24 ሰዓት ያለፈው ብጥብጥ ይደፋ።

ከዚሁ ጋር የዚንክ ኪኒን ይሰጣል፤ ከ6 ወር በታች ላለ 10፣ ከዚያ በላይ ላለ 20 ሚሊ ግራም ነው። ኪኒኑ ባለ 20 ከሆነ ለትንሹ ግማሹ ይበቃዋል። አያችሁ? ያቺ «1/2» እዚህም መጣች። ተቅማጡ ቢቆምም ኪኒኑ ለታዘዘለት ቀን ይቀጥላል። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ ወይም ሰገራው ደም ካለበት ግን ቤት ውስጥ አይታከም።

ጥያቄ፦ ጨጓራዬን ያመኛል። በርበሬ ተውሁ፣ አልተሻለኝም።

መልስ፦ በርበሬ የተቆጣን ጨጓራ ያቃጥል ይሆናል፤ የቁስሉ ዋና ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች በ1982 እ.ኤ.አ. ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ከጨጓራ ለይተው አወጡ። በጊዜው ያመናቸው ሰው ጥቂት ስለነበር ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሳቸው ጠጥተው ታመሙበት! በ2005 እ.ኤ.አ. ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይህ ባክቴሪያ በምርመራ ከተገኘ በአንድነት የሚወሰዱ ጥቂት መድኃኒቶች ይታዘዛሉ። መሐል ላይ ካልተቋረጡ ያጠፉታል። ሌላው ምክንያት የሕመም ማስታገሻ ነው። ለወገብ፣ ለጉልበት እያልን ከመድኃኒት ቤት የምንገዛቸው ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ጨጓራን ያቆስላሉ። ስለዚህ «ጨጓራዬን» ስትሉ የምትወስዱትን ማስታገሻም ለሐኪሙ ንገሩት። ደም ማስመለስ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ካያችሁ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ጥያቄ፦ ካሳለኝ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ብርድ መቶኝ ይሆን?

መልስ፦ ሳል 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ «ብርድ ነው» ብሎ መተው አይገባም፤ አክታ መመርመር አለበት። የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ብርድ ሳይሆን ባክቴሪያ መሆኑን ሮበርት ኮኽ ከ1882 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሳይተዋል። መቼም ከመገናኛ ወደ ኮተቤ፣ ወደ ሲኤምሲ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ የገባ ሰው ይህን ክርክር ያውቀዋል። አንዱ መስኮት ይከፍታል፤ ሌላው «ዝጋልን፣ ብርድ ይመታናል!» ይላል። በሐኪሟ ፍርድ የተረታው መስኮት ዝጋ ባዩ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ከሚያስለው ሰው ወጥቶ በታፈነ አየር ውስጥ ይቆያል። የተከፈተ መስኮት ይበትነዋል። ቤትም፣ ክፍልም፣ ታክሲም አየር ይግባው። ምርመራውና መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው። በሁለተኛው ወር ሳሉ ይጠፋል፣ ሰውነት ይመለሳል፤ በሽተኛው «ድኛለሁ» ብሎ የሚያቋርጠው ያን ጊዜ ነው። ተሕዋሱ ግን ገና አላለቀም። መልሶ ሲነሣ መድኃኒቱን ለምዶ ይነሣል፣ ለቤተሰብም የሚተርፈው ያው የለመደው ነው። የቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ የወሰዳችሁበትን ቀን በየዕለቱ ምልክት አድርጉበት።

ጥያቄ፦ ዳማ ከሴ እጨምቃለሁ፣ ጸበልም እጠመቃለሁ፣ እጾማለሁም። ይህን ለሐኪም ብነግረው ይቆጣኛል?

መልስ፦ ሊቆጣ አይገባውም። ሐኪሟ የሚሉት «አትደብቁን» ነው። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ኪኒኑን ማቋረጥ የለበትም። ኪኒኑን የሚውጥም ሰው ጸበሉን ተው አይባልም። የሚጾም ሰው ደግሞ፣ ፍስክ እስኪሆን የሚቆይም ሆነ በረመዳን የሚጾም፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ጾሙ ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት። በተለይ የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ወስዶ ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ እጅግ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ዕፅዋትም ቢሆኑ ከመድኃኒት ጋር ሊጋጩ ይችላሉ። አያቶቻችን ለትል ይጠጡት የነበረው ኮሶ እንኳ ሲበዛ ዓይን እስከ መጉዳት ይደርስ ነበር። ዛሬ ከጥሬ ሥጋ ለሚመጣው ለዚያ ትል ከጤና ጣቢያ የሚታዘዝ ኪኒን አለ። ለመከላከል ደግሞ ሥጋውን አብስሎ መብላት ነው።

ጥያቄ፦ ቀጠሮ የማይጠበቀው መቼ ነው?

መልስ፦ ይህን ገጽ ቀዳችሁ በር ላይ ብትለጥፉት መልካም ነው። የሰው ፊት በአንድ ወገን ሲጣመም፣ አንድ ክንዱ አልነሣ ሲል፣ አንደበቱ ሲተሳሰር፤ ደረቱን ጨምድዶ ሲይዘውና ሲያልበው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ስትደማ፣ ከባድ ራስ ምታት ይዟት ዓይኗ ሲብዥባት ወይም ሰውነቷ ሲንዘፈዘፍ፤ ሕፃን መጥባት ሲያቅተው፣ ሲንዘፈዘፍ ወይም አልነቃ ሲል፤ ማንኛውም ሰው መተንፈስ ሲያቅተው። በነዚህ ጊዜ «እስኪነጋ እንየው» አይባልም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ቁጥሯን ልጆቻችሁ በቃላቸው ይያዟት።

የተከበራችሁ አንባቢያን፣ መምህር ያለ የቤት ሥራ አያሰናብትም። የእናንተም ይኸውና። ዛሬ ማታ በቤታችሁ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከመሳቢያውም ከኮመዲኖውም፣ ጠረጴዛ ላይ አውጡ። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ያንብብ፤ ልጅ ለእናቱ፣ የቤት እመቤት ለሠራተኛዋ፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ። የማን መድኃኒት ነው? ለምን ታዘዘ? ስንት፣ በስንት ሰዓቱ? የሚያበቃው በእኛ አቆጣጠር መቼ ነው? የየአንዱን መልስ በአማርኛ ጽፋችሁ ለጥፉበት። ጊዜው ያለፈበትን ሕፃን በሚደርስበት ቦታ አትጣሉት፣ ወደ ፋርማሲ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ እንዴት እንደሚወገድ ጠይቁ። ስሙ የጠፋበትን፣ ማን እንደሰጣችሁ የማታውቁትን ኪኒን ደግሞ ማንም አይዋጠው።

ፊደል የለየ ሰው ሐኪም አይሆንም። ነገር ግን ሐኪሙ የሰጠውን በትክክል ወደ አፉ ያደርሳል። በሐኪሙ ክፍልና በቤታችሁ መካከል ያለችውን ያቺን መንገድ ማንም አይሄድላችሁም፤ በንባብ የምትሄዷት እናንተው ናችሁ። ሥራውን ዛሬውኑ ጀምሩት።